ኢንሹራንስ ያጣው ተዋናይ፦ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በምን ተመለሰ?

ማርች 10 ቀን 2024 ሮበርት ዳውኒ ጁኒየር በ58 ዓመቱ የመጀመሪያ ኦስካሩን ሊቀበል መድረክ ላይ ወጣ። (ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) መጀመሪያ ያመሰገነው ያንን አስከፊ ልጅነቱን ነው፤ ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ሁለተኛ ወጣ። አዳራሹ ሳቀ። ሚስቱን አመሰገነ። ቀጠለና ጠበቃውን ጠራ፤ ሰውየው አርባ ዓመት አብሮት እንደሠራ፣ ከአርባው ውስጥ ግማሹን ደግሞ እሱን ኢንሹራንስ ለማስገባትና ከእስር ለማስፈታት ሲሮጥ እንደጨረሰው ተናገረ። አሁንም ሳቅ።

የእስሩን ነገር ብዙ ሰው ያውቀዋል። ኢንሹራንሱ ግን ምን አገባው? አንድ ተዋናይ ኢንሹራንስ ስላጣ ለምን ሥራ ያጣል?

የዳውኒ ታሪክ ሲወራ ሁሌም «ሱሰኛ ነበር፣ ታሰረ፣ ቆረጠ፣ ተነሳ» ነው። ውሸት አይደለም። ግን እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ የገንዘብና የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ይሄ ሰው ሥራ መሀል ቢወድቅ ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚል ጥያቄ። ሱሱን ከተወ በኋላ እንኳ ጥያቄው ቶሎ አልለቀቀውም።

እስቲ ከመነሻው እንያዘው።

ዳውኒ የተወለደው በ1965 ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ ነው። አባቱ ሮበርት ዳውኒ ሲኒየር በትንሽ ገንዘብ አፈንጋጭ ፊልሞችን የሚሠራ ዳይሬክተር ነበር፣ እናቱም ተዋናይት። ልጁ አምስት ዓመት ሲሞላው በአባቱ ፊልም ላይ ታየ። ፊልሙ ውስጥ ያሉት ውሾች በሰዎች የተተወኑ ናቸው፣ እሱ የደረሰው ቡችላ መሆን ነው። ይሄ ያስቃል። ቤት ውስጥ የነበረው ግን አያስቅም። አደንዛዥ ዕፅ ከዚያ ቤት አይጠፋም ነበር፤ ማሪዋና ገና በስድስት ዓመቱ የሰጠው አባቱ እንደሆነ ራሱ ዳውኒ ተናግሯል። አባትየው በኋላ ክፉኛ ተጸጽቶበታል። ሁለቱ ግን አልተቆራረጡም፤ አባቱ በ2021 ከመሞቱ በፊት አብረው የቀረጹት ዶክመንተሪ በ2022 ወጥቷል፣ ስለዚህ ጉዳይም ፊት ለፊት ሲነጋገሩ ይታያል።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሳይጨርስ ጥሎ ወጣ። በ1985 ሳተርደይ ናይት ላይቭ የሚባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፣ አንድ ሲዝን ሠርቶ ተሰናበተ። በ1987 ሱስ የሚያጠፋውን የሎስ አንጀለስ ሀብታም ልጅ ሆኖ ተወነና ሃያሲዎች አፋቸውን ያዙ። ያኔ ራሱም ዕፅ ይወስድ ነበር።

ከዚያ 1992 መጣና «ቻፕሊን» ላይ ቻርሊ ቻፕሊንን ሆነ። ለዚህ ፊልም ቫዮሊን መጫወትና በግራ እጁ ቴኒስ መምታት ተምሯል፤ ቻፕሊን ግራኝ ነበርና። በ27 ዓመቱ ለምርጥ ተዋናይ ኦስካር ታጨ፣ ባፍታ የተባለውን የእንግሊዞቹን የፊልም ሽልማት ደግሞ ወሰደ። ኦስካሩ ለአል ፓቺኖ ቢሄድም ማንም ቅር አላለውም፤ ልጁ ገና ነው፣ ጊዜ አለው ተባለ። ያ ጊዜ ግን ሌላ መንገድ ያዘ።

ጁን 1996 ላይ በፍጥነት ሲነዳ ፖሊስ አስቆመው። መኪናው ውስጥ ሄሮይን፣ ኮኬይንና ጥይት ያልጎረሰ ሽጉጥ ተገኘ። ወር ሳይሞላ፣ ገና በዋስ እያለ፣ ማሊቡ ውስጥ ጎረቤት ቤት ተሳስቶ ገባና የልጅ አልጋ ላይ ተኝቶ ተገኘ። የቤቱ ሰዎች አምቡላንስ ጠሩ። ጋዜጦች ለወራት ቀለዱበት። ፍርድ ቤቱ ግን መጀመሪያ አላሰረውም፤ ሦስት ዓመት በገደብ፣ በየጊዜው እየተመረመረ እንዲቆይ ወሰነ። ምርመራው ላይ ሳይቀርብ ቀረና በ1997 ወደ አራት ወር ገደማ ታሰረ። ወጣ፣ ደገመው። በ1999 ዳኛው ፊት ቆሞ የተናገረው እስከዛሬ ይጠቀሳል፤ ጠመንጃ አፌ ውስጥ ከትቼ ጣቴን ቃታው ላይ አድርጌአለሁ፣ የብረቱንም ጣዕም ወድጄዋለሁ ነው ያለው በጥቅሉ። ዳኛው ሦስት ዓመት ፈረዱበት። ካሊፎርኒያ፣ ኮርኮራን ያለው የሱስ ማገገሚያ እስር ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ኦገስት 2000 ተፈታ።

ሆሊውድ ያኔም አልጨከነበትም። እንደተፈታ «አሊ ማክቢል» የተባለው ተከታታይ ድራማ ወሰደው። ተመልካቹ ወደደው፣ ጃንዋሪ 2001 ላይም ጎልደን ግሎብ ሸለሙት። ችግሩ ምንድነው፣ ሽልማቱ ሊሰጠው ሁለት ወር ሲቀረው ፓልም ስፕሪንግስ ሆቴል ውስጥ እንደገና ተይዟል። ኤፕሪል 2001 ደግሞ ካልቨር ሲቲ ጎዳና ላይ ሲንከራተት ተገኘና ወዲያው ከድራማው ተባረረ። ጸሐፊዎቹ እሱን ማዕከል አድርገው የጻፉትን ታሪክ ሲዝኑ ሊያልቅ ሲል ቀደው እንደገና መጻፍ ነበረባቸው። አምራቾች ከሱስ ይልቅ የሚፈሩት ይሄንን ነው። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ጠፍቶ የመቶ ሰው ሥራ ሲቆም።

እንግዲህ ኢንሹራንሱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፊልም በአብዛኛው የሚሠራው በብድር ነው፣ በተለይ ከትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ውጪ ያለው። ፕሮዲዩሰሩ ስክሪፕቱንና የተዋናዮቹን ስም ይዞ የየአገሩን አከፋፋዮች «ፊልሙ ሲያልቅ ይህን ያህል ትከፍሉኛላችሁ» ብሎ ውል ያስፈርማል። ውሉን ይዞ ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ግን አንድ ነገር ያውቃል፤ አከፋፋዩ የሚከፍለው ያለቀ ፊልም ሲረከብ ብቻ ነው፣ ግማሽ ፊልም የሚገዛ የለም። ስለዚህ «ይሄ ፊልም በተባለው ቀንና በተባለው በጀት እንደሚያልቅ ማን ይፈርምልኛል?» ይላል።

ለዚህ የሚፈርሙ ኩባንያዎች አሉ፤ ሥራቸው ይሄው ነው። የማጠናቀቂያ ዋስትና ይሰጣሉ። ከበጀቱ ጥቂት በመቶ ይቀበሉና ፊልሙ ከበጀት ካለፈ የጎደለውን ይሞላሉ፤ ነገሩ ከተበላሸ ዳይሬክተሩን አንስተው በሌላ ሰው ማስጨረስ፣ ካልሆነም የባንኩን ብድር መመለስ የእነሱ ዕዳ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆነህ ስትቀጠር ዋስ አምጣ እንደምትባለው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ ዋስ የሚሆነው አጎትህ አይደለም፤ በክፍያ የሚሠራ ድርጅት ነው፣ በይሉኝታ አይፈርምም።

ይሄ ዋስ ደግሞ በተራው ሌላ መተማመኛ ይፈልጋል። ዋና ዋናዎቹ ተዋናዮች ኢንሹራንስ ይገባላቸው ይላል። ተዋናዩ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፣ ይመረመራል፣ ስለ ጤናው ቅጽ ይሞላል። ቀረጻ መሀል ቢታመም፣ ቢጎዳ ወይም ቢሞት ኢንሹራንስ ኩባንያው የመጣውን ተጨማሪ ወጪ ይከፍላል። ወጪው ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ተዋናዩ አንድ ቀን ሲቀር የካሜራው ሰው፣ መብራቱ፣ ሜካፑ፣ ምግቡ፣ የተከራዩት ቤትና መኪና፣ ሌሎቹ ተዋናዮች ሁሉ ሒሳባቸው እየቆጠረ ነው የሚውለው። ተዋናዩ ጭራሽ ከቀረ የተቀረጸው ሁሉ ሊጣል ይችላል።

ኩባንያዎቹ የሚፈሩት ነገር ደግሞ በዓይናቸው ያዩት ነው። ሪቨር ፊኒክስ የሚባለው ወጣት ተዋናይ ኦክቶበር 31 ቀን 1993 በ23 ዓመቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ የምሽት ክበብ በር ላይ በዕፅ ምክንያት ወድቆ ሞተ። «ዳርክ ብለድ» የተባለው ፊልሙ አብዛኛው ተቀርጾለት ነበር፤ የቀረው የሁለት ሳምንት እንኳ የማይሞላ ሥራ ነው። ግን ያለ እሱ ሊያልቅ አልቻለም። ፊልሙ ተቋረጠ፣ ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ የተቀረጸውም ቅጂ የኢንሹራንሱ ንብረት ሆኖ መጋዘን ገባ። ዳይሬክተሩ ዓመታት ቆይቶ ቅጂው ሊወገድ መሆኑን ሲሰማ ከመጋዘኑ አወጣው፣ የጎደሉትን ትዕይንቶች በራሱ ድምፅ እየተረከ በ2012 ለሕዝብ አሳየ። ይህንን የከፈለ ዘርፍ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዳውኒ ሲመጣ ምን እንደሚያስብ መገመት አይከብድም።

እንግዲህ ሰንሰለቱ ይሄ ነው። ኢንሹራንሱ እምቢ ካለ ዋሱ አይፈርምም፣ ዋሱ ካልፈረመ ባንኩ ብር አይለቅም፣ ብር ከሌለ ፊልም የለም፤ ዳይሬክተሩ የፈለገውን ያህል ቢወድህ። ዉዲ አለን በ2004 ላወጣው ፊልም ዳውኒንና ዊኖና ራይደርን ፈልጎ ነበር፣ ግን ኩባንያዎቹ ለሁለቱም ዋስትና አንሰጥም ስላሉ ሌሎች ተዋናዮችን ተካ። ዉዲ አለንን የሚያህል ዳይሬክተር ፈልጎህ፣ የሚከለክልህ ስሙን የማታውቀው አንድ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ነው።

ታዲያ እንዴት ተሰበረ? ሰንሰለቱ የሚሰበረው አንድ ሰው አደጋውን በራሱ ኪስ ሲሸከም ብቻ ነው። የዳውኒ ሁለተኛ ሕይወት የተሠራው፣ እኔ እንደማየው፣ በሦስት እንደዚህ ዓይነት ውሳኔዎች ነው።

የመጀመሪያው ተዋናይና ዳይሬክተሩ ሜል ጊብሰን ነው። ሁለቱ በ1990 አብረው ፊልም ሠርተው ይተዋወቃሉ። በ2003 የወጣው «ዘ ሲንጊንግ ዲቴክቲቭ» ላይ ዳውኒ ዋናውን ገጸ ባህሪ እንዲይዝ ተፈለገ፣ ዋስትናው ግን እንደተለመደው እንቅፋት ሆነ። ጊብሰን ከራሱ ገንዘብ ከፈለ። በቃ። ፊልሙ ገበያ ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አላመጣም፣ ግን ቀረጻው በሰላም አለቀ፤ ለኢንሹራንስ ሰው ደግሞ ከሽልማት ይልቅ ይህች «በሰላም አለቀ» የምትለው መዝገብ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ጆል ሲልቨር የተባለው ፕሮዲዩሰር ነው፣ በዚያው በ2003 «ጎቲካ» ለተባለው አስፈሪ ፊልም። ሲልቨር ጊብሰን ያደረገውን አላደረገም፤ ነጋዴ ነው። የዳውኒን ደመወዝ 40 በመቶ ቀረጻው እስኪያልቅ ድረስ ያዘበት። ካጠፋህ ይሄ ብር ኪሳራዬን ይሸፍናል፣ ካላጠፋህ ትወስዳለህ ነው ነገሩ። በሌላ አነጋገር ዳውኒ በገዛ ደመወዙ ለራሱ ዋስ ሆነ። ያዋርዳል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ከሁሉም ብልህ የሆነው ውል ይሄ ይመስለኛል፤ «እመንኝ» ብሎ ከመለመን አውጥቶታል። ቀረጻው አለቀ፣ ብሩን ወሰደ። የሚገርመው ደግሞ ሚስቱን ሱዛንን ያገኛት እዚሁ ፊልም ላይ ነው፤ እሷ የሲልቨር ኩባንያ ፕሮዲዩሰር ነበረች። በ2005 ተጋቡ።

በዚሁ መሀል፣ ጁላይ 2003 አካባቢ፣ ዕፁን አቆመ። ራሱ እንደሚያወራው የባሕር ዳርቻ መንገድ ላይ አንድ በርገር ቤት ቆሞ ሲበላ ምግቡ አስጠላው፣ መኪናው ውስጥ የነበረውን ዕፅ ሁሉ ውቅያኖስ ውስጥ ጣለ። ታሪኩ ለጋዜጣ የሚመች ነው፣ ያንን አልክድም። ከበርገሩ ይልቅ ግን ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተከተለው ሕክምና፣ ዮጋ፣ ዊንግ ቹን የተባለው የቻይና ማርሻል አርትና «ወይ ዕፁን ወይ እኔን» ያለችው ሚስት የበለጠ ሥራ የሠሩ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ማርቨል፣ በኮሚክ መጽሐፍ ጀግኖቹ የሚታወቀው ኩባንያ።

ዛሬ ማርቨል ሲባል የገንዘብ ማተሚያ ይመስለናል። በ2005 ግን ራሱም ቁማር ላይ ነበር። ሌሎች ስቱዲዮዎች በገጸ ባህሪዎቹ እየሠሩ ሲያተርፉ እያየ፣ የራሴን ፊልም ልሥራ ብሎ ሜሪል ሊንች ከተባለው የገንዘብ ተቋም እስከ 525 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ብድር አመቻቸ። መያዣው ምን መሰላችሁ? የአሥር ገጸ ባህሪዎች የፊልም መብት። ፊልሞቹ ከከሰሩ እነዚያ ጀግኖች ወደ አበዳሪው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ፊልም «አይረን ማን» ነው። ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ደግሞ ለዚህ ፊልም የሚፈልገው ዳውኒን ነው!

የኩባንያው አለቆች በምንም ዓይነት አይሆንም አሉ። እኔም ብሆን እል ነበር። ፋቭሮ ግን ሙጭጭ አለ። ክርክሩ ቀላል ነበር፤ አይረን ማን የሚሆነው ቶኒ ስታርክ ጎበዝ፣ ሀብታም፣ አፈኛና ራሱን በራሱ የሚጎዳ ሰው ነው፣ ይሄን ሰው ደግሞ ተመልካቹ አስቀድሞ ከጋዜጣ ያውቀዋል። ሌላው ተዋናይ የሚጫወተውን ይሄ ሰው ኖሮታል። ዳውኒ በካሜራ ፊት እንዲፈተን ተደረገ። ለስሙ የሚመጥን ነገር አልነበረም፤ የኦስካር ዕጩ እንደ ጀማሪ ተሰልፎ ሲፈተን። ሳምንታት ተለማምዶ ገባና አለቆቹን አሳመነ። በዚያ ላይ ከ2003 ጀምሮ በተከታታይ የጨረሳቸው ፊልሞች ነበሩት፣ «ኪስ ኪስ ባንግ ባንግ»፣ «ዞዲያክ» እና ሌሎችም፤ አንዱንም መሀል ላይ ጥሎ አልሄደም።

የተከፈለው ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘግቧል። 140 ሚሊዮን ገደማ ለፈጀ ፊልም ዋና ተዋናይ ይሄ ምንም ማለት ነው። ፊልሙ ሜይ 2008 ወጥቶ በዓለም ዙሪያ 585 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ አስገባ። በቀጣዩ ዓመት ዲዝኒ ማርቨልን በ4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ለመግዛት ተስማማ።

ከዚህ በኋላ ሚዛኑ ተገለበጠ፣ ምክንያቱም አሁን አደጋው እሱን መያዝ ሳይሆን እሱን ማጣት ሆነ። ጠበቃውና ወኪሎቹ ይሄን አሳምረው ተጠቀሙበት። የዋና ተዋናይ ክፍያ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ቁርጥ ደመወዝ፣ ሌላው ፊልሙ ከሚያስገባው ላይ ድርሻ። ድርሻው ከተጣራ ትርፍ ላይ ከሆነ አትጓጉ። የሆሊውድ ሒሳብ አያያዝ ትርፍን የሚውጥበት ዘዴ አያጣም፤ «ካሚንግ ቱ አሜሪካ»ን የሚያህል ፊልም እንኳ፣ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትኬት ሸጦ፣ የተጣራ ትርፍ የለውም ተብሎ ፍርድ ቤት ድረስ አከራክሯል። የሚያበላው ከጠቅላላ ገቢው የሚቆረጥ ድርሻ ነው። የዳውኒ አዲሱ ውል ከገቢው ጋር የሚያድግ ስለነበር፣ በ2012 የማርቨሉ «አቬንጀርስ» ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ የእሱ ድርሻ 50 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደረሰ ተባለ። ፎርብስ መጽሔት ከ2013 እስከ 2015 ሦስት ዓመት በተከታታይ የሆሊውድ ቀዳሚ ተከፋይ ተዋናይ አድርጎ አስቀመጠው። ዋስ ካጣበት ጊዜ የተቆጠረው አሥር ዓመት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ይሄ ታሪክ «ማንም ሰው ከፈለገ ይመለሳል» ተብሎ ሲነገር ያናድደኛል። ኮርኮራን ውስጥ በዕፅ ተፈርዶባቸው አብረውት የነበሩት ሰዎች አርባ ዓመት የማይሰለች ጠበቃም፣ ከኪሱ የሚከፍል ጊብሰንም አልነበራቸውም። ራሱ ሆሊውድ ውስጥ እንኳ መብራት የሚሸከም ሠራተኛ ሁለቴ ቢጠፋ ሦስተኛ ጊዜ የሚደውልለት የለም። ዳውኒ ደጋግሞ ዕድል ያገኘው ችሎታው የትም የማይገኝ ስለሆነ ነው፣ ዕድሉን በመጨረሻ መጠቀሙ ደግሞ የራሱ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።

የቀረውን በፍጥነት ልጨርሰው። ዲሴምበር 2015 ላይ የካሊፎርኒያው ገዥ ጄሪ ብራውን ይቅርታ አደረጉለት። ይሄ መዝገቡን አይፍቅም፣ አንዳንድ የዜግነት መብቶችን ግን ይመልሳል። በ2019 አይረን ማንን ተሰናበተ። በ2020 ሚስቱ ፕሮዲዩስ ያደረገችው «ዶሊትል» ከሸፈ። በ2023 «ኦፐንሃይመር» ላይ ሉዊስ ስትራውስን፣ ያንን ቂመኛ ባለሥልጣን፣ ፀጉሩን አስመልጦ በዝግታ ተጫወተውና ኦስካሩን አመጣ። የቶኒ ስታርክ ፉከራ የለበትም፤ እኔ እንደውም ምርጥ ሥራው እሱ ነው ባይ ነኝ። ጁላይ 2024 ደግሞ ወደ ማርቨል እንደሚመለስ ተነገረ፣ አሁን ግን ክፉውን ዶክተር ዱምን ሆኖ።

ጊብሰንስ? ዕዳው እንዴት ተከፈለ? በ2006 ሰክሮ ሲነዳ ተይዞ አይሁዶችን ሲሳደብ ተሰማ፣ በ2010 ደግሞ የቀድሞ ፍቅረኛውን ሲሳደብና ሲዝት የሚያሰማ ድምፅ ወጣ። ስቱዲዮዎች ራቁት። ኦክቶበር 2011 ዳውኒ አንድ ትልቅ የክብር ሽልማት ሲቀበል፣ ሽልማቱን የሚሰጠው ሰው ጊብሰን እንዲሆን የጠየቀው ራሱ ነው። መድረኩ ላይ፣ ጊብሰን ያኔ ሲረዳው በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ተናገረ፤ አንድ ቀን አንተም ቀጣዩን ሰው እርዳ። ቀጣዩ ሰው ጊብሰን ራሱ ይሆናል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ዳውኒ አዳራሹን ይቅር በሉት፣ ሥራውን ይሥራ ብሎ ለመነ። አጨበጨቡ። ጊብሰን ዳይሬክት ያደረገው ቀጣዩ ፊልም የወጣው ግን በ2016 ነው፣ ጭብጨባው ካለፈ ከአምስት ዓመት በኋላ።